«የሚታይ አጋዥ»፦ ለዓይን የሚነገር ቃል

ጎጃም ውስጥ፣ ደምበጫ ላይ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስብ። ደወሉ ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው። ተረኛው ተማሪ በብረት ሲደበድበው ግቢው በጩኸት ይሞላል፤ ልጁ ሁሉ ወደ ሜዳ ይጎርፋል። በልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ያለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። «ና ውጣ፤ እረፍት እኮ ነው። ደብተርህን ክተትና ከነሱ ጋር ሂድ» ትለዋለች መምህርቷ። አይወጣም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትደግምለት ይጮኻል። እጁን ይዛ ልታስነሳው ስትሞክር ይነክሳታል። የዚያን ቀን ስለ እሱ መዝገብ ላይ የምትሰፍረው አንዲት ቃል ናት፦ «ያስቸግራል»።

አሁን ያንኑ ክፍል በሌላ ቀን እንየው። ደወሉ ሊመታ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መምህርቷ ልጁ ፊት አንዲት የካርቶን ቁራጭ ታስቀምጣለች። በግራ በኩል ደብተር ተስሎባታል፤ በቀኝ በኩል አጥርና አስፋልት ላይ የሚያልፍ አይሱዙ። ልጁ የጭነት መኪና ማየት ነፍሱ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ደግሞ በከተማው ስለሚያልፍ መኪና አይጠፋም። መምህርቷ መጀመሪያ ደብተሩን፣ ቀጥሎ መኪናውን በጣቷ ትነካለች፤ ብዙ አትናገርም። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይለወጥም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጁ ካርቶኗን አይቶ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ቸርኬው ከመመታቱ በፊት ወጥቶ አጥሩ ጋ ይቆማል።

ደወሉ ያው ነው፤ ልጁም ያው ነው። የተጨመረችው ያቺ ካርቶን ብቻ ናት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሷን በአማርኛ ማን እንበላት የሚለው ነው።

ስም ፍለጋ

ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው «ቪዥዋል ሰፖርት» ይሏታል። ሥልጠና የወሰደ መምህር ቃሉን እንዳለ ይዞት ይመጣል። ባልደረባው ይገባው ይሆናል፤ ከገበያ ተመልሳ ልጇን ልትወስድ ለመጣች እናት ግን ቃሉ ምንም አይነግራትም።

መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «የዕይታ ድጋፍ» ነው። ችግሩ፣ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ውስጥ «ዕይታ» የሚለው ቃል ባለቤት አለው፤ ማየት የተሳናቸው ወይም ዓይናቸው የደከመ ተማሪዎች የሚጠቀሱበት ነው። «ለልጅዎ የዕይታ ድጋፍ ያስፈልገዋል» የተባለች እናት «የልጄ ዓይን ደኅና ነው፤ መነጽር ምን ይሠራለታል?» ብትል አይፈረድባትም። «ሥዕላዊ ድጋፍ» ደግሞ ይጠብባል። ወለል ላይ የተለጠፈ ባለ ቀለም ፕላስተር፣ «የመጠጫ ሰዓት ነው» ለማለት የሚሰጥ ባዶ ኩባያ፣ አሸዋ የሚወርድበት ጠርሙስ ሥዕል አይደሉም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። «ምስላዊ ድጋፍ» ከሁለቱ ይሻላል፤ ቢሆንም የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ ኩባያውን ምስል ለማለትም ያስቸግራል።

እኔ የምመርጠው «የሚታይ አጋዥ» የሚለውን ነው። «አጋዥ መጽሐፍ» የሚለውን የማያውቅ ተማሪም ወላጅም የለም። አጋዥ መጽሐፍ ዋናውን መጽሐፍ አይተካም፤ ዋናው ሲከብድ መረማመጃ ይሆናል። የሚታይ አጋዥም የመምህርን ንግግር አይተካም፤ ንግግሩ ያልደረሰበት ቦታ ይደርሳል። እንዲህ እንተርጉመው፦ የሚታይ አጋዥ ማለት አንድ ሰው አሁን ምን እንደሚጠበቅበት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እና ነገሩ መቼ እንደሚያበቃ በዓይኑ አይቶ እንዲረዳ የሚያደርግ ማንኛውም ነገር ነው።

ቃሉ አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የዜማ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ከፊደሉ በላይ የተደረደሩትን ጥቃቅን ምልክቶች ያውቃቸዋል፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ። ድምፅ ከአፍ እንደወጣ ይጠፋል፤ ምልክቱ ግን ብራናው ላይ ይቆያል። ምልክቱ የኔታን አይተካም፤ ተማሪው ከየኔታ የሰማው እንዳያመልጠው ይይዝለታል። ካርቶኗም ለልጁ የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ጆሮ ላይ የማይቆየው

ጠረጴዛ ሥር የገባው ልጅ ኦቲዝም አለበት። «ኦቲዝም» የሚለው ስያሜ «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው «አውቶስ» ከተባለ የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሁኔታውን ዛሬ በምናውቀው መልኩ የገለጸው ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ባሳተመው ጽሑፍ ልጆቹ ነገሮች እንደነበሩ እንዲቆዩ ያላቸውን ብርቱ ፍላጎት ጽፏል። ኦቲዝም እብደት አይደለም፤ የአሳዳጊ በደልም አይደለም። አእምሮ ከጅምሩ በተለየ መንገድ ማደጉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። አንዳንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ አንዳንዱ ብዙ ይናገራል፤ ሆኖም ሰው በፊቱና በድምፁ ቃና የሚጠቁመውን ነገር መያዝ ይቸግረዋል።

የመምህርቷን ንግግር መለስ ብለን እንስማው። «ና ውጣ፤ እረፍት እኮ ነው። ደብተርህን ክተትና ከነሱ ጋር ሂድ።» በአንድ ትንፋሽ ሦስት ትእዛዝና አንድ ምክንያት አለበት፤ «ከነሱ» የተባሉት እነማን እንደሆኑም ልጁ ራሱ ማወቅ አለበት። ሌሎቹ ልጆች ግማሹን ባይሰሙ እንኳ ጓደኞቻቸውን አይተው ይነሳሉ። ይህ ልጅ ግን የመጀመሪያውን ቃል ሲያብላላ ሦስተኛው አልፎታል፤ በላዩ ላይ ቸርኬው ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። ሥዕል እንዲህ አያመልጥም። ልጁ ቢዘገይም ይጠብቀዋል፤ አሥር ጊዜ ቢያየው አይቆጣም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም።

ኦቲዝም ያለባቸው አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ለእሳቸው ሐሳብ የሚመጣው በሥዕል እንጂ በቃል አለመሆኑን ጽፈዋል። ኋላ ላይ ግን ራሳቸው አርመውታል፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ በሥዕል አያስብም፤ በቃል ወይም በቁጥርና በቅርጽ የሚያስብም አለ። ስለዚህ አጋዡ የሚመረጠው ልጁን አይቶ ነው። በትምህርት ቤት ደረጃ የሚታይ አጋዥን ካስፋፉት አንዱ በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሪክ ሾፕለር የመሠረቱት ቲች የተባለ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የግዛቲቱ መንግሥታዊ ፕሮግራም ሆነ። መነሻው ቀላል ነው፤ ልጁ ክፍሉን አይቶ ብቻ «የት እሠራለሁ፣ ምን እሠራለሁ፣ ምን ያህል እሠራለሁ፣ ስጨርስ ምን ይመጣል» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ እንዲያገኝ ማድረግ።

ከካርቶን፣ ከክርና ከሃይላንድ

ደምበጫ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በከለር የታተመ ካርድና ማሽን መጠበቅ አያስፈልጋትም። ሦስቱን ዋና ዋና አጋዦች መምህሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራቸው ይችላል።

የመጀመሪያው የውሎ ገበታ ነው። ፊደል ገበታ የፊደልን ተራ እንደሚያሳይ የውሎ ገበታ የቀኑን ተራ ያሳያል። ግድግዳ ላይ ክር ይወጠራል፤ በልብስ መቆንጠጫ ሥዕሎች ይሰቀላሉ፤ ሰልፍ፣ ፊደል፣ እረፍት፣ ቁጥር፣ እጅ መታጠብ፣ ምሳ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ነቅሎ «አለቀ» የሚል ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ነቅሎ መክተቱ ዋናው ነገር ነው፤ «አለቀ» የሚለው ቃል በእጁ የሚሠራው ነገር ይሆንለታል። ሥዕል የማይገባው ልጅ ካለ በዕቃ ይጀመራል፤ ኳስ ለጨዋታ፣ ሳሙና ለእጅ መታጠብ። ከዕቃ ወደ ፎቶ፣ ከፎቶ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ጽሑፍ ቀስ እያለ ይሻገራል።

ሁለተኛው መጀመሪያ–ከዚያ የሚባለው ባለ ሁለት ክፍል ካርቶን ነው። በመግቢያው ላይ ያየናት ያቺው ናት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ፕሪማክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሰው የሚወደውን ሥራ ከማይወደው ኋላ ብናስከትል የማይወደውንም መሥራት እንደሚጀምር አሳየ። ፈረንጆቹ በጨዋታ «የሴት አያት ሕግ» ይሉታል። የእኛም እናቶች ሊቁን ሳይጠብቁ ይሠሩበታል፤ «መጀመሪያ እንጀራህን ጨርስ፤ ከዚያ ትወጣለህ»። ልዩነቱ ካርቶኗ ይህን ቃል ኪዳን ልጁ ፊት አስቀምጣ መቆየቷ ነው።

ሦስተኛው የሚታይ ጊዜ ነው። «አምስት ደቂቃ ቀረህ» ማለት ሰዓት ለማያውቅ ልጅ ባዶ ድምፅ ነው። የሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን በሚስማር መብሳት፣ በአንዱ ውስጥ የተነፋ ደረቅ አሸዋ መጨመር፣ ከዚያ ሁለቱን አፍ ለአፍ ገጥሞ በፕላስተር ማሰር። አሸዋው ሲወርድ ልጁ ጊዜን ሲያልቅ ያየዋል። ደቂቃው በሰዓት ተለክቶ አሸዋው ይጨመራል ወይም ይቀነሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚምታታ ነገር አለ። እስካሁን ያየናቸው መምህሩ ለልጁ የሚናገርባቸው ናቸው። ልጁ ለመምህሩ የሚናገርባቸው ሥዕሎችም አሉ፤ ውኃ ሲጠማው የውኃ ሥዕል አንሥቶ ሰው እጅ ላይ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በአሜሪካ የጀመሩት፣ በምሕጻሩ ፔክስ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ክፍሉ ሁለቱንም ይፈልጋል። ትእዛዝ በሥዕል እየተቀበለ መልስ የሚሰጥበት ሥዕል የሌለው ልጅ ነክሶ ቢመልስ አያስገርምም።

ሽልማት፣ ማባበያ፣ ማበረታቻ

ካርቶኗ ላይ ያለው አይሱዙ ሌላ ቃል ያስነሣል። በእንግሊዝኛው አንድ ጠባይ እንዲደገም የሚያደርገው ነገር «ሪኢንፎርስመንት» ይባላል። በመምህራን ማሠልጠኛ ጽሑፎች «ማጠናከሪያ» ተብሎ ተተርጉሞ ይገኛል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን «ማጠናከሪያ» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የቅዳሜ ተጨማሪ ትምህርት ነው። «ሽልማት» የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። እኛ ዘንድ ሽልማት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ወላጅ በተሰበሰበበት፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት የሚሰጥ ነው፤ ከሌላው መብለጥን ይጠይቃል። የምንፈልገው ቃል ከዚህ ይለያል፤ ወዲያው የሚሰጥ፣ ልጁ ከትናንቱ ራሱ ጋር ተመዝኖ የሚያገኘው ነገር ነው። «ማበረታቻ» ይስማማዋል።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ግን «ማባበያ» እንዳይሆን ነው፤ ፍርሃቱም ልክ ነው። ሁለቱን የሚለየው ጊዜው ነው። ልጁ ጮኾ መሬት ላይ ከተንከባለለ በኋላ ዝም እንዲል ከረሜላ ቢሰጠው ማባበያ ነው፤ የተማረው መጮኽ ከረሜላ እንደሚያስገኝ ነው። ጩኸት ሳይኖር፣ ሥራው ሳይጀመር ስምምነቱ በካርቶን ታይቶ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚሰጥ ከሆነ ማበረታቻ ነው። ከረሜላው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የሚማረው ግን ተቃራኒውን ነው።

በመንገዳችን አንድ ቃል እንለይ። «የባሕርይ ችግር አለበት» ማለት ለምደናል። ባሕርይ በአማርኛ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ የሚነቀል አይደለም። ጠባይ ግን ይማሩታል፤ ይለውጡታልም። መምህር የሚሠራው በልጁ ጠባይ ላይ ነው፤ ባሕርዩ የእሱ ሥልጣን አይደለም።

አምስት ቆርኪ

አንዳንዴ ማበረታቻው ከእያንዳንዱ ሥራ ኋላ ሊመጣ አይችልም፤ ልጁን በየሁለት ደቂቃው ወደ አጥሩ መውሰድ አይቻልም። መፍትሔው የሚጠራቀም ምልክት ነው። ቴዎዶሮ አይሎንና ናታን አዝሪን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በአንድ የአእምሮ ሆስፒታል ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ1968 መጽሐፍ ያሳተሙበት ዘዴ ነው። ስሙ «ቶከን ኢኮኖሚ» ነው፤ እኛ ለቶከኑ የሚሆን ነገር በየሻይ ቤቱ ደጃፍ አለን፤ ቆርኪ። ስለዚህ የቆርኪ ሰሌዳ ብንለው የደምበጫ ልጅ ሳይነገረው ይገባዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ካርቶን ላይ አምስት ክብ ይሠመራል፤ ጫፉ ላይ ልጁ ራሱ የመረጠው ነገር ይሳላል። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር የተሸፈነ ቆርኪ ይዘጋጃል። መጀመሪያ ሦስቱ ክብ አስቀድሞ ይሞላል፤ ልጁ ሁለት ብቻ አግኝቶ ወዲያው ይለውጣል። ስምምነቱ ሲገባው ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ አምስቱንም ያገኛል። ቆርኪው ሲሰጥ ምክንያቱ በአጭር ቃል ይነገራል፤ «ጎበዝ» ብቻ ሳይሆን «ደብተርህን አወጣህ፤ ጎበዝ»። ያገኘው ቆርኪ ከቶ አይነጠቅም። ጠዋት ፊደል ጽፎ ያገኘውን ከሰዓት በኋላ ስለጮኸ መቀማት ሰሌዳውን የቅጣት መሣሪያ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ቃሉን አያምንም። ልጁ ሲለምደው ደግሞ ቆርኪው እየተራራቀ፣ ምስጋናና የሥራው ደስታ እየተተካ ይሄዳል።

ወሰንም አለው። ውኃ፣ ምግብ፣ መጸዳጃ ቤት፣ እረፍትና እናት በቆርኪ አይገዙም፤ የልጁ መብቶች ናቸው። ልጁ በራሱ የሚወደውን ነገር ደግሞ በማበረታቻ ማባረር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሣሉ በኋላ በራሳቸው ጊዜ የመሣል ፍላጎታቸው መቀነሱን አሳይተዋል። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች በሌላው ዓለም የሚያነሡት ወቀሳም መደመጥ አለበት፤ ማንንም የማይጎዳ እጅ ማርገብገብን ወይም መወዛወዝን ለማስቆም ማበረታቻ መጠቀም ልጁ ራሱን እንዲደብቅ ማሠልጠን ነው ይላሉ። ቆርኪው ልጁ የሚያስፈልገውን ነገር ለመማር እንጂ እኛ ዓይናችን ያልለመደውን ለማጥፋት አይደለም። አርጩሜን በተመለከተ ክርክር የለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ከእናቶች የተጀመረው

በአገራችን ይህ ሥራ የተጀመረው በወላጅ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። በፊደላችን ድምፅ ላይ ተመሥርቶ ንግግርና ንባብ የሚያስተምር «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴም አዘጋጅተዋል። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በየመድረኩ ይሉት የነበረው ልጆቹን ከቤት እናውጣ ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ተነሳሽነት አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቁሟል።

ከዋና ከተማው ውጭ ያለ ወላጅ ግን ማዕከል ደጁ ድረስ እስኪመጣ አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና መነሻው ይኸው ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ የሚሰጡትም ልዩ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ትምህርቱ የሚካሄደው በጨዋታና በቤት ውሎ ውስጥ ነው። የደምበጫ እናት ልጇን ጠበል ብትወስደው የውሎ ገበታው አይከለክላትም፤ እንዲያውም «መጀመሪያ ጠበል፣ ከዚያ ቤት» የሚል ካርቶን ብትይዝለት ልጁ ውኃው ሲነካው አይደነግጥም።

መዝገቡ ላይ

አዲስ ቃል ሥራ መሥራቱ የሚታወቀው ሰው ሲጽፍበት ነው። ወደ መጀመሪያው ቀን መዝገብ እንመለስ። «ያስቸግራል» ከሚለው ቃል ተነሥቶ ነገ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ የለም፤ የሚቀረው ልጁን መታገሥ ወይም ማባረር ነው። ቃሉን የያዘች መምህርት ግን እንዲህ ትጽፋለች፦

«ማክሰኞ፣ ከእረፍት በፊት። የሚታይ አጋዥ አልተሰጠውም፤ መጀመሪያ–ከዚያ ካርዱ ቢሮ ቀርቷል። ደወሉ ሲመታ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ጮኸ። ረቡዕ ካርዱ ተሰጥቶታል፤ በራሱ ወጣ። ሁለተኛ ካርድ ተሠርቶ በር ላይ ይሰቀል።»

ወሩ ሲያልቅ ተተኪ መምህር ቢመጣ ከዚህ ጽሑፍ የሚያነበው ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው ነው። ካርዱም በር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል።